አንዲት የምትታለብ ላም

ጾሙ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አዲሱ ገበያ ከታክሲ መያዣው ከፍ ብሎ ወዳለው የሙዲን ሱቅ የዱቄት ወተት ልገዛ ሄድኩ። ሙዲን ሱቁን ከአባቱ የተረከበ፣ ሰው የማያስቀይም፣ ዕቃ እየመዘነ ስለ ኳስ ማውራት የሚችል ጎልማሳ ነው። እኔን ደጃፉ ላይ ሲያይ ቢጫዋን ቆርቆሮ ሳልጠይቀው ከመደርደሪያ ያወርዳታል። የዚያን ቀን ግን ከፊቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሸረጠች፣ ጠና ያለች ሴት ቆማለች። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ክዳኑን ከፈት አድርጋ «እስቲ አሽትተው» ትለዋለች። እሱ ሳይሆን እኔ አሸተትኩት። በወይራ ጭስ ከታጠነ ቅል የተገለበጠ የጠዋት ወተት ነበር፣ ከዚያ ሽታ ጋር ከተለያየን ስንት ዘመናችን።

«እትዬ፣ ወተቱ አንደኛ ነው፣ እሱን ማን ካደ» አለ ሙዲን። «ግን እስከ ማታ ካልተሸጠ መድፋቴ ነው። ዱቄቱ ዓመት ይቀመጣል። ካፌዎቹም እሱኑ ነው የሚጠይቁኝ፣ በዋጋ ይቀላቸዋል።»

«እኔም እቀንስልሃለሁ።»

«በቃ የዋጋ ነገር ብቻ አይደለም እኮ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሴትየዋ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ዞር ስትል ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። እኔ መንገድ ልለቅላት ስል እሷ ግን ቆመች። ትንሽ ካየችኝ በኋላ «አንቱ የእርሻው ሰውዬ አይደሉም? እኛ ቤት ዝናብ የያዘዎት?» አለችኝ። ሙዲን በዚያው ቅጽበት ቢጫዋን ቆርቆሮ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር አፍሬበታለሁ፣ እንደዚያች ቆርቆሮ ያሳፈረኝ ዕቃ ግን የለም። የሴትየዋን ስም ወዲያው አስታወስኩት፤ ወይዘሮ ጌጤ። ስሟን እንዴት እንደማልረሳው ለማስረዳት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጉለሌ፣ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። እናቴ ከቤታችን ጀርባ ላሞች ነበሯት። ዛሬ ያለ ፍርሃት አራት ነበሩ እላለሁ፣ ያኔ ብጠየቅ ግን አንድ ነበር የምለው። በእኛ ቤት የከብት ቁጥር አይነገርም። ለጎረቤት አይነገርም፣ ዐይን አለ። ለቀበሌ አይነገርም፣ መዋጮ አለ። አንድ ጊዜ አስተማሪያችን የቤታችንን እንስሳት እንድንጽፍ አዞን አራቱንም ላሞች ከነስማቸው ጽፌ ተመለስኩ፤ እናቴ ደብተሬን ስታይ ገጹን ቀድዳ እሳት ውስጥ ከተተችው፣ ጆሮዬንም አልማረችውም። ሰው ሲጠይቅ «አንዲት አለች፣ እሷም ተመስገን» ይባላል። ጠያቂውም የሰፈሩ ሰው ስለሆነ የቀረውን በልቡ ይጨምርበታል። ይህን ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም፣ እንደ ሰላምታ ያለ ነገር ነበር። ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ካሉት መንደሮች ወተት ይዘው የሚወርዱት ሴቶችም እንደዚያው ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ባሕር ዛፉን አቋርጠው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጡና አዲሱ ገበያ ሲደርሱ እግራቸውን ታጥበው ጫማ ያደርጋሉ። ደንበኛ ደንበኛቸውን ያውቃሉ። ማን ልጅ እንደወለደ፣ ማን እንግዳ እንዳለበት ያውቃሉ። በዓቢይ ጾም ጊዜ ብቻ ይጠፋሉ፣ ያኔ ወተቱን ቅቤ ያደርጉታል። ፋሲካ ሲነጋ ግን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከትሏቸው ይመጣሉ።

የምናገረው እኔ ጎልማሳ ስለሆንኩበት ጊዜ ነው። ሻይ በስሙኒ፣ ወተት ሊትሩ ሁለት ብር የማይሞላበት ጊዜ። መንግሥት ተለውጦ ሁሉም ሰው አዲስ አዲስ ቃል የሚማርበት ወቅት ነበር፤ ገበያ ነጻ ሆነ ይባላል፣ የሰልባጅ ኮት የሚያወርዱ መኪኖች ይበዛሉ፣ መታጠፊያው ላይ ያለችው የካሴት መሸጫ ቤት ድምፅ ማጉያዋን ወደ መንገዱ አዙራ ከጠዋት እስከ ማታ ፍቅርን ታስለቅሳለች። እኔ ከእርሻ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ባለሙያ ነበርኩ። ካኪ ሳፋሪ ኮት እለብሳለሁ፣ ከላይ ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም፣ አንዱ ቀለም የለውም። በዚያን ጊዜ አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር አንድ የንግድ ማኅበር ውስጥ ገብታ፣ አባሎቹ እርስ በርስ ቀረጥ ሊቀናነሱ ተስማሙ። እያንዳንዱ አገር ታዲያ ሁለት ዝርዝር እንዲያቀርብ ተጠየቀ። በአንደኛው ላይ ያለው ዕቃ ቀረጡ እየቀነሰ ይሄዳል። በሁለተኛው ላይ ያለው ደግሞ ገበሬው የሚኖርበት ነውና ቀረጡ እንዳለ ይቆያል፣ የውጭ ዕቃ በርካሽ ገብቶ አይጥለውም። አለቃዬ ጠርቶኝ «የወተቱን ነገር አንተ ያዘው» አለኝ። ከከተማው ዙሪያ ያሉት ገበሬዎች ለገበያ ወተት ያቀርባሉ ወይስ አያቀርቡም የሚለውን አጥንቼ በሁለት ሳምንት እንዳመጣ። ጨምሮም ዝርዝሩን ይዞ ወደ ጎረቤት አገር ለስብሰባ ከሚሄዱት አንዱ እኔ እንደምሆን ነገረኝ፣ ሰንጠረዡ በጊዜ ከደረሰ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ፒያሳ ወርጄ ሱፍ ልብስ ማስለካት ነው። የቡና መልክ ያለው፣ ጀርባው ላይ አንድ ቅድ ያለው። እስከዚያን ቀን ድረስ አውሮፕላን የማውቀው ጉለሌ ላይ ሲያልፍ አንጋጥጬ በማየት ነበር። ልብሱን ለመሞከር ስመላለስ አንድ ሳምንት ጠፋ። ለከረባትና ለጫማ ሦስት ቀን ጠፋ። ከሁለቱ ሳምንት የቀረኝን ሳስበው እንኳ ዛሬ ፊቴ ይግላል፤ ሦስት ቀን ነበር የቀረኝ።

በመሥሪያ ቤቱ ጂፕ ወጣን፣ እኔና ሾፌሩ። ከእንጦጦ ወዲያ ያሉትን መንደሮች በሩጫ ዞርናቸው። ቅጹ ላይ ብዙ ዓምድ አለ፤ የሚታለቡ ላሞች ብዛት፣ በቀን የሚገኝ ወተት፣ ለገበያ የሚቀርብ። በየበሩ ቆሜ እጠይቃለሁ፣ «አንዲት አለች፣ ተመስገን» ይሉኛል፣ አንድ ብዬ እጽፋለሁ። ለገበያ? «የለም፣ ለልጆቹም አልበቃ» ይሉኛል፣ የለም ብዬ እጽፋለሁ። እኔ ነኝ ይህን የምጽፈው። የእናቴ ልጅ። በየጠዋቱ ቁልቁል የሚወርደውን ጀሪካን እያየሁ ያደግሁት እኔ ነኝ። መጠየቅ የነበረብኝን አውቅ ነበር፤ ስለ ላም ሳይሆን ስለ ደንበኛ ነው የሚጠየቀው። «ጉለሌ ስንት ቤት ታደርሳላችሁ?» ቢባሉ በኩራት ይቆጥሩልኝ ነበር። ግን እሱ ይረዝማል፣ ተቀምጦ መጫወት ይፈልጋል፣ ጫማዬም ጭቃ እየነካው ነው።

በመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ቤት የወይዘሮ ጌጤ ነበር። ያኔ ከሠላሳ የማታልፍ፣ ባሏ እንጨት ሊሸጥ የወረደ፣ አንድ ሕፃን ያዘለች ሴት። ደጃፏ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ጂፑ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ገባና ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ቤቷ ተቀመጥን። ነጭ ኩባያ ሙሉ ወተት ሰጠችን፣ ጨረስን፣ ደገመችን፣ ሦስተኛም አመጣች። ሾፌሩ እየሳቀ «ይቺ አንዲቷ ላም የጉድ ናት» አለ። ወይዘሮ ጌጤም ሳቀች። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮ ወጣሁና ከበረቱ ኋላ ቆምኩ። አምስት ላሞች እያመነዠኩ ነበር፣ ሁለቱ የተዳቀሉ፣ ጡታቸው የሞላ፤ በአጥሩ ላይ ደግሞ ታጥበው የተደፉ ስድስት ጀሪካኖች። ቆጠርኳቸው። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ አንዲት የምትታለብ ላም፣ ለገበያ የሚቀርብ የለም ብዬ ጻፍኩ። የአንዷን ቤት ካስተካከልኩ የሁሉንም ማስተካከል አለብኝ፣ ሰንጠረዡ ደግሞ በማግስቱ መተየብ አለበት። ይህን ያህል ነበር ምክንያቴ።

ለገበያ ወተት የሚያቀርብ ገበሬ የለም ተብሎ ዱቄት ወተት ቀረጡ በሚቀንስለት ዝርዝር ውስጥ ገባ። እኔም የቡና መልክ ያለውን ሱፍ ለብሼ ስብሰባው ላይ ተቀመጥኩ፣ ስሜ የተጻፈበት ካርድ ፊቴ ቆሞ። እውነት ለመናገር ያኔ ማንም አልተጎዳም። የማኅበሩ አባሎች ጥቂት ነበሩ፣ ወተታቸውም ከኛ የሚሻል አልነበረም፤ ዝርዝሩ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ለጎረምሶቹ ባለሙያዎች ስለ አውሮፕላኑ ምግብ እያወራሁ ዓመታት አለፉ። የሴቶቹ ጀሪካን ሲበዛ መንደሮቹ ተሰባስበው አንድ የወተት መሰብሰቢያ አቋቋሙ፣ የከተማው ወተት ፋብሪካም መኪና እየላከ መውሰድ ጀመረ። ወይዘሮ ጌጤ ዘጠኝ ላሞች ላይ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው፣ ይህንን በቅርቡ ነው የነገረችኝ። ሆኖም ለመንደሮቹ የእንስሳት ሐኪም ይመደብ፣ መኖ ይቅረብ፣ የማዳቀያ ጣቢያ ይከፈት ሲባል መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የሚያወጣው ያንን ሰንጠረዥ ነው፤ እዚያ ወተት የለም ይላል፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ቀጥሎ የንግድ ማኅበሩ መስፋት ጀመረ። አንድ በአንድ እየተጨመሩ፣ ሰፊ የግጦሽ መሬትና ትልልቅ ፋብሪካ ያላቸው፣ ወተታቸውን አድርቀው የት እንሽጠው የሚሉ አገሮች ገቡ። ድሮ ከጥቂቶች ጋር የተስማማንበት ዝርዝር ለአዲሶቹም እንዲሠራ ወደ አዲሱ ስምምነት እንዲገለበጥ ተወሰነ።

ያኔ እኔ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ጡረታዬን እቆጥራለሁ። ሰላማዊት የምትባል አዲስ ባለሙያ ሰንጠረዡን ይዛ ቢሮዬ ገባች። «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ልክ ነው እንዴ? አክስቴ በዚያ በኩል ናት፣ እሷ ብቻዋን ከዚህ በላይ ታልባለች» አለችኝ። መነጽሬን አውልቄ «የተጠና ነው፣ እኔው ነኝ ያጠናሁት» አልኳት። ወረቀቱን አስቀምጣ ወጣች። ፈረምኩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የከተማው ወተት ፋብሪካ ዱቄቱን በውኃ መበጥበጥ ከገጠር መሰብሰብ እንደሚረክስለት ገብቶት መኪናውን መላክ ተወ። የመንደሮቹ መሰብሰቢያ ተዘጋ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ተቀምጬ ነው፣ ሰምቼም ዝም አልኩ።

ሙዲን ሱቅ በር ላይ ወይዘሮ ጌጤን ስለ ከብቶቿ ጠየቅኳት። ዘንድሮ በቀጥታ መለሰችልኝ፣ የምትደብቀው አልቀረምና። «ሁለት ናቸው የቀሩት። ለማርያም ማግስት የሥጋ ነጋዴ ይወስዳቸዋል። ልጄም በቃሽ ትለኛለች። ወተቴን የሚቀበል ካገኘሁ ግን አልሸጣቸውም ነበር፣ ጋሼ። ከሴቶቹ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።» ቆርቆሮዋን ሳልገዛ ጀሪካኑን እንዳለ ገዛሁላት። አምስት ሊትር ወተት ይዤ ቤት ስገባ ባለቤቴ አበድክ ወይ በሚል ዐይን አየችኝ። እኔም በዚያች ሴት ላይ ያደረግሁትን በሙሉ የምከፍል መስሎኝ በመንገድ ላይ ደረቴን ነፍቼ እንደነበር ልደብቅ አልችልም።

ሌሊቱን አልተኛሁም፣ በማግስቱ ሰላማዊት ጋ ደወልኩ። አሁን በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። ጨዋ ልጅ ናት፣ የድሮውን አላነሳችብኝም። «ጋሼ፣ በጥሩ ጊዜ ነው የደወሉት» አለችኝ። «ዝርዝሩ ለክለሳ ተከፍቷል። ወተቱን ወደ ጥበቃው ዝርዝር ላዛውረው ብል ያ ጥናት ነው የሚያግደኝ። ጥናቱ ትክክል እንዳልነበር ያጠናው ሰው በጽሑፍ ቢገልጽ፣ ከዚያ ዘመን ገበሬዎች አንዷ ደግሞ ብትመሰክር ይበቃኛል። ጥናቱ ከወደቀ መሰብሰቢያውንም እንደገና ማስከፈት ይቻላል።» ከወሩ መጨረሻ በፊት እንዲደርሳት አደራ አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት እውነቱን ነው፤ ላሞቹን በዐይኔ አይቼ፣ ቆጥሬ፣ ስለቸኮልኩ ሌላ ቁጥር ጻፍኩ የሚል። አንብቤው ስሜን ከሥሩ ለማድረግ እጄ እምቢ አለ። የልጆቼን፣ ድሮ አብሬያቸው የሠራሁትን ባልደረቦቼን፣ የሰላማዊትን ፊት አሰብኩ። ቀድጄ ጣልኩትና ሌላ ጻፍኩ። «በወቅቱ መረጃ የሰጡን አርሶ አደሮች የላሞቻቸውን ቁጥርና የሚሸጡትን ወተት ደብቀው ስለነበር ጥናቱ የተሳሳተ ሆኗል።» ውሸት የለበትም፤ ደብቀዋል። ለወተቱም ያው ነው፣ ወደ ጥበቃው ይገባል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በዚህ አጻጻፍ ጥፋቱ ከእኔ ትከሻ ወርዶ የት እንደሚያርፍ አላየሁም ብል ማንም አያምነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። አሁን እስከ መንደሩ ደጃፍ አስፋልት ነው፣ ከታክሲ ወርጄ የሄድኩት ጥቂት ነው። ወይዘሮ ጌጤ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ነገሩን አስረዳኋት። ከውጭ የሚገባው ዱቄት ለምን እንደረከሰ፣ ዝርዝሩ ቢቀየር ቀረጥ እንደሚጣልበት፣ መሰብሰቢያው ሊከፈት እንደሚችል፣ ለዚህም የእሷ ፊርማ እንደሚያስፈልግ። ሰፌዱን አስቀመጠች። «ታዲያ ሁለቱን አልሸጣቸውም ማለት ነው?» አለች። «ይቆዩ» አልኳት። «ስጡኝ እስቲ ልየው» ብላ እጇን ዘረጋች። ማንበብ ትችላለች ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ መማሯን ነግራኝ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ይዛ፣ በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች ድምፅዋን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ቀስ እያለች ነው የምታነበው። «የላሞቻቸውን... ቁጥርና... የሚሸጡትን... ወተት... ደብቀው...» እዚያ ስትደርስ ቆመች። ያቺን ቃል ሁለት ጊዜ መልሳ አነበበቻት።

እስክሪብቶ ሰጠኋት። ስሟን በትልልቅ ፊደል ከሥሩ ጻፈች፣ ትንሽ ዘመም ብሎባታል። ወረቀቱን ስትመልስልኝ ዐይኖቿ ሞልተው ነበር።

«እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት መንግሥት ነው የተወን እያልኩ ስራገም ነበር» አለች። «ለካ እኛው ነን። ያን ቀን ሦስት ኩባያ አጠጥቼዎት አንዲት ናት ያለችኝ ብዬ በአፌ ዋሸሁ። አንቱ ደግሞ አምነውኝ ጻፉ። ያመነ ሰው ምን ያድርግ። አብረውኝ ወተት ያወርዱ የነበሩትን የነ አስካለን፣ የነ በቀሉን ቤት ሁሉ የፈታሁት እኔ ነኛ።»

«ሁሉም ሰው ነው ያለው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አልኳት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። የቀረው ምላሴ ላይ ነበር፤ ከበረቱ ኋላ ቆሜ ነበር፣ አይቻለሁ፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ወረቀቱ ግን ተፈርሞ እጄ ላይ ነው፣ ስሜም ንጹሕ ነው።

ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም እጇን ዘረጋች። ክንዷን ይዤ ላነሳት ሞከርኩ፣ እምቢ አለች። «ይቅር በሉኝ፣ ጋሼ። ይቅር ሳይሉኝ አልነሳም» አለችኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።